ልጆቹን ይዘን በማለዳ የት እንውጣ?

ባለፈው ስለ ልጆች እንቅልፍ ከጻፍኩ በኋላ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው፤ ማለዳ ተነስቶ ቤተሰብን ይዞ ስለመውጣት። አልገረመኝም። ደብረ ብርሃን ሰፍታለች። ፋብሪካው በዛ፣ ሰው በዛ፣ ባጃጁም በዛ። 2 ሰዓት ካለፈ ትንሽ ልጅ እጅ ይዞ መንገድ መሻገር ራሱ ሥራ ሆኗል። ከተማዋ ለልጆች የምትመቸው ገና ሳትነቃ በፊት ባለችው ጊዜ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 3። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ከመጣን ዓመት አልሞላንም፤ ጠባሴ ነው የተከራየነው። እዚያ እያለን ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹን ይዤ መውጣት ልማዴ ነበር። እዚህ ግን አማቴ “ልጆቹን ብርድ ልታስመቺያቸው ነው ወይ?” እያሉ በር ላይ ይቆማሉ። እውነቱን ለመናገር ብርዱም ቀላል አይደለም። ልተወው ይሆን? ካልተውኩትስ ስንት ሰዓት እንውጣ፣ የትስ እንሂድ?»

እህቴ፣ አትተዪው። የአዲስ አበባውን ሰዓት ግን ተዪው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት። ያውም ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እንደልቡ በሚያገኛት ቦታ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ሲለቅ አድሮ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ውርጭ ማለት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ብርዱ የሚብሰው እኩለ ሌሊት ላይ ይመስለዋል። አይደለም። የሚብሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል እና ከወጣች በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከ12፡40 በኋላ ነው፣ በሰኔ ደግሞ 12 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ። ስለዚህ በውርጩ ወራት 1፡30 ላይ ውጡ። ለደብረ ብርሃን ይህ ማለዳ ነው፣ ማንም «አረፈደች» አይልሽም። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት 12፡30 ላይ ብትወጡ ግሩም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው፤ ልጆቹ ቡት ጫማ ካላቸው እሰየው፣ ከሌላቸው ቤት ይተኙ።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ማለዳና ከፍ ያለው ሜዳ ላይ ያለው ማለዳ አንድ አይደሉም፣ በራስሽ ጉንጭ ትለይዋለሽ። ጭሱም እንዲሁ ነው። እንደምታውቂው እዚህ አገር ኩበት ገና ከምድጃው አልወጣም። በውርጭ ጠዋት የኩበቱና የእንጨቱ ጭስ ሽቅብ አይሄድም፣ ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ተዘርግቶ ይቆያል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነው ተነስቶ የሚበተነው። አስም ያለበት ልጅ ካለሽ ያ ጭስ ሳይነሳ ፈጽሞ አታውጪው።

አማትሽን በተመለከተ። ጉንፋን የሚይዘን ከቫይረስ ነው። ልጅ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ከታመመ ሰው ጋር በተዘጋ ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ ሲውል ነው። ይህን በለዘብታ ንገሪያቸው። ነገር ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር አስም ያለበትን ልጅ ያስለዋል፣ ደረቱንም ያፍነዋል። ሌላው ደግሞ ላብ ነው። ልጅ አንድ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ሲሮጥ ያልበዋል፣ ሲቆም ላቡ ላዩ ላይ ይቀዘቅዝና ያኔ ነው የሚንቀጠቀጠው። ስለዚህ ስስ ስስ ልብስ ደርቢላቸው፤ ካናቴራ፣ ሹራብ፣ ከላይ ጃኬት። ሲሞቃቸው አንዱን ታወልቂያለሽ። ኮፍያና ካልሲ ግን አይቀርም። ትንሿን እዘያትና በጋቢ ሸፍኛት። ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርሽ? አማትሽን ይዘሻቸው ውጪ! በር ላይ የሚቆሙት ልጆቹን ስለሚወዱ ነው። በፔርሙስ ሻይ ያዢላቸው፣ መንገዱን እሳቸው ይምሩ፣ የድሮውን ሰፈር እሳቸው ያሳዩ። ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ታያለሽ።

የት ለሚለው፣ እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ወደ ሥላሴ እወስዳቸዋለሁ። ተሳልሞ፣ ግቢው ዛፍ ሥር ትንሽ ተቀምጦ፣ ለልጆቹ የከተማቸውን ስም መንገር ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ እያሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ያ ብርሃን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ኮከቡ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፤ ቀጣዩ በእኛ አቆጣጠር 2053 ዓ.ም. ነው። እስቲ የ9 ዓመቱ ልጅሽ ያኔ ስንት ዓመት እንደሚሆነው ራሱ ያስላ። በዚያ ሰዓት፣ ሰማዩ እየቀላ፣ ይህን የሰማ ልጅ በቀላሉ የሚረሳው አይመስለኝም። ከዚያ ትኩስ ፓስቲ ወይም ዳቦ በሻይ፣ ከዚያ ወደ ቤት። አንድ ሰዓት ይበቃል። ገና «ትንሽ እንቆይ» እያሉሽ ብትመልሻቸው ነው የሚሻለው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይጓጓሉ። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ያን ቀንም የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ሳትጠይቂ አትነሺ።

«ልጄ፣ ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ ማለዳ በእግር እወጣለሁ። የሚያስቸግረኝ የሰፈር ውሻ ነው። ባለፈው ትንሹን ሊነክሰው ምንም አልቀረው። ዱላ ይዤ መውጣቴ ይበቃል?»

አባባ፣ ዱላውን ይያዙ፣ ግን ልጆቹን ማስተማሩ ይበልጣል። ውሻ ሲመጣ አይሩጡ፣ አይጩኹ። እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው፣ ዐይን ዐይኑን ሳያዩ ቀጥ ብለው ይቁሙ። የሚሮጥ ነገር ማባረር የውሻ ጠባይ ነው። ቡችሎች ያሏት ውሻ ባለችበት በኩል አይለፉ። በደንብ ሳይነጋም አይውጡ፤ ሌሊቱን ሲዞር ያደረው የውሻ መንጋ የሚበተነው ሲነጋ ነው፣ ጅቡም ያኔ ነው ወደ ጎሬው የሚገባው።

እግዚአብሔር አያድርገውና ቢነክስ፣ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያዩ ይጠቡት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ናት ብለው፣ ውሻውም ጤነኛ ይመስላል ብለው አይዘግዩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን በጊዜው ከተጀመረ ያድናል። አባባ፣ ይህን ለጎረቤትም ይንገሩልኝ።

«ከደብረ ሲና ነው የምጽፈው። በሚቀጥለው ወር ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ሁለቱ ልጆቼ (7 እና 11) አይተዋት አያውቁም። እህቴ መገናኛ አካባቢ ስላለች እሷ ጋ ነው የምናድረው። ቀኑን ሠርግ ስለሆነ ማለዳ ማለዳ ብቻ ነው ጊዜ ያለን። ብዙ ብር ሳናወጣ ምን እናሳያቸው?»

ወንድሜ፣ ምርጡ ሰዓት ነው የተረፈህ። አዲስ አበባን ቀን ያያት ልጅ የሚያስታውሰው ግፊያ ነው።

በደረሳችሁበት ቀን ምንም አታቅድ። ታርማበርን ወጥታችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ ላምበረት ስትወርዱ ልጆቹ ደክመዋል፣ ይተኙ። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ሁኑ። እዚያ የሚያዩትን ቲያትር ቤትም አያገኙትም። በዚያ ሰፊ ደረጃ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ አንዱን እርከን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይወጣል። አባት ከልጁ ጋር፣ ሽማግሌው በቱታ፣ ወጣቱ በቡድን። ልጆችህም ይሩጡ፣ ማንም «እናንተ ከየት ናችሁ» አይላቸውም። የታላቁ ሩጫ መነሻ እዚህ እንደሆነም ንገራቸው። መቼም የደጋ ልጆች ናቸው፣ በአዲስ አበባ አየር ትንፋሽ አያጥራቸውም። ከመገናኛ ቀላል ባቡሩ ወደዚያ ያመጣል፤ እየሠራ መሆኑን እህትህን ጠይቅ፣ ከሠራ እሱን ተሳፈሩ። ከከተማው በላይ በድልድይ ላይ ሲሄድ መስኮት ዳር ላስቀመጥከው ልጅ እሱ ብቻውን ሽርሽር ነው።

በሁለተኛው ቀን አራት ኪሎ ጀምሩ። ከሚያዝያ 27 ሐውልት ተነስታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ውጡ። መንገድ ላይ ቁርስ ፉል ወይም ጨጨብሳ ብሉ። ብሔራዊ ሙዚየም በዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ሲከፈት ገብታችሁ ድንቅነሽን አሳያቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ለ7 ዓመት ልጅ ማስረዳት ይከብዳል፣ ግን ቁመቷን ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያየው። እሱ ይገባዋል።

እንጦጦን ልጆቹ ይወዱት ነበር። በሦስት ቀን ሠርግ መካከል ግን አትሞክረው፣ መውጣቱና መውረዱ ጊዜ ይበላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ማለዳ መኪናው ጥቂት ነው፣ ያለው ግን ይበራል። ዜብራ ላይም ቢሆን እጃቸውን ሳትይዝ አትሻገር።

«ጤና ይስጥልኝ። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ፤ ቤት ስደርስ ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመሄድ ይጣደፋሉ፣ ሲመለሱ እኔ ተኝቻለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ቅዳሜም እንዲሁ እንቅልፍ ነው። ትንሹ ልጄ በቀደም ለእናቱ “አባዬ ለምንድነው ሁልጊዜ የሚተኛው?” ብሏታል። እንደሌሎቹ አባቶች ማለዳ ይዣቸው ልውጣ ብል አቅሙ የለኝም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ የሌሊት ዘብ ነበር።

እናቴ ያደረገችውን ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ወንድሜን ትቀሰቅስና ትኩስ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አባታችን ከሚሠራበት በር ፊት ለፊት ታቆመን ነበር። እሱ ሲወጣ እንሮጣለን። የካፖርቱ እጅጌ ውስጥ እጄን እከት ነበር፣ ሌሊቱን ሁሉ ለብሶት ስላደረ ይሞቃል። ከዚያ ቆሎውን እየቆረጠምን ወደ ቤት። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። አባቴ በወሬ ጎበዝ አልነበረም፣ ግን በዚያች ሃያ ደቂቃ ሌሊት ያየውን ሁሉ ይነግረን ነበር፤ ጨረቃዋ ስንት ሰዓት እንደገባች፣ የትኛው ዶሮ ቀድሞ እንደጮኸ። ቤት ደርሶ ሲተኛ እኛ ድምፅ ሳናሰማ እንጫወት ነበር። አባታችን ለምን እንደሚተኛ እናውቅ ነበርና።

አንተ እነሱን ይዘህ አትውጣ። እነሱ ወዳንተ ይምጡ። ቅዳሜ 1 ሰዓት ላይ ባለቤትህ ልጆቹን ይዛ በሩ ጋ ትጠብቅህ። የሠራተኛው ሰርቪስ ለዚያ ቀን ይለፍህ፣ ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ግማሹን መንገድ በባጃጅ ሂዱ።

እንቅልፍህን ግን ጠብቅ። የማለዳ ፀሐይ ዐይንህን ስትመታው ሰውነትህ «ነጋ፣ ንቃ» ይባልና ከዚያ መተኛት ይቸግርሃል። ግንባርህ ድረስ የሚወርድ ኮፍያ አድርግ፣ ጉዞውን ከግማሽ ሰዓት አታስበልጠው፣ ቡና አትጠጣ፣ የመኝታ ክፍሉ መስኮት በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን። ሞተር ብስክሌት ካለህ ያን ቀን ቤት ይቅር፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ልጅ ጭኖ መንዳት የለበትም።

የሌሊቱ ተራ ሲያልፍና የቀኑ ሲደርስህ ደግሞ ትንሹ ልጅህ ሥራ ቦታህን አንድ ጊዜ በቀን ይየው፤ ከውጭም ቢሆን፣ በሩን ብቻም ቢሆን። አርብ ማታ ወደ ሥራ ስትሄድ «ነገ ጠዋት በሩ ጋ» በለው። ቆሎውን እናቱ ሳትሆን እሱ ይያዝ።