ዋሻ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

እህቴ፣ ባሕር ዳር በባዮሎጂ ተመርቀሽ ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ፣ ገና ስም ያልወጣላቸው ጥቃቅን ፍጥረታትን ማጥናት እንደምትፈልጊ፣ እናትሽ ግን «በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። እናትሽ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው።

«አዲስ ዝርያ ፈላጊ» የሚል የሥራ መደብ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አታገኚም። ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው መምህራን፣ ተመራማሪዎችና የሙዚየም ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ በግብርና ምርምር የሰብል ተባይ የሚያጠና ቦታ ካገኘሽ ያዢው። ዓይንሽ ዝርያ መለየት የሚለምደው እዚያም ነው።

አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚኖረውን ኮለምቦላ የተባለ ጥቃቅን ፍጥረት ምሳሌ ላድርግልሽ። ስድስት እግር አለው፣ ነፍሳትን ይመስላል፤ የአፉ ክፍሎች ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የተሸሸጉ በመሆናቸው ዛሬ ለብቻው ይመደባል። በጥቁር ባሕር ዳርቻ አብካዚያ ባለው ክሩቤራ ዋሻ ከምድር ወለል 1,980 ሜትር ዝቅ ብሎ የተገኘው ፕሉቶሙሩስ ኦርቶባላጋነንሲስ ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተሰበሰበ፣ በ2012 ስም ወጣለት። አዲስ ነው ለማለት የጥፍሩን ቅርጽና የፀጉሩን አሰላለፍ መሣል፣ ቀድሞ ከተገለጹ ዘመዶቹ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት፣ ዋናውን ናሙና ሙዚየም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ቁጭ ብሎ የመሥራት ትዕግሥት ካለሽ ለሙያው ትሆኛለሽ፤ ዋሻ መግባቱ ትንሹ ክፍል ነው።

አዲስ ነገር ደግሞ ሩቅ ላይሆን ይችላል። የጣና ትልልቅ ላቤዮባርበስ ዓሦች ሰው ሁሉ እየበላቸው በሳይንሱ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ ቆይተው፣ ብዙ ዝርያዎች መሆናቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጥንቃቄ ተለክተው ሲጠኑ ነው።

አንቺም ከዘጌ ቡና ጫካ ጀምሪ። የቦታውን አባቶች አስፈቅጂና ጥቂት እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ውሰጂ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠሽ ገልብጪው፤ ላዩ ላይ ወንፊት፣ ወንፊቱ ላይ አፈሩን፣ ከበላይ አምፖል፣ ከሥር አልኮል አድርጊ። እንስሶቹ ሙቀቱንና ድርቀቱን ሲሸሹ አልኮሉ ውስጥ ይወድቃሉ። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈሽ አብረሽ ክተቺ፤ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል። ከየት እንደመጣ ያልተጻፈበት ናሙና ምንም ብርቅ ቢሆን ለሳይንስ አይጠቅምም።

ለማስተርስ ስታመለክቺ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት አማካሪሽን ምረጪ፤ ከነፍሳትና ከመሰሎቻቸው አንዱን ወገን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይሁን። ሶፍ ኡመርን የመሰለ ዋሻ ስትገቢ ብቻሽን አትሁኚ፤ የሌሊት ወፍ ኩስ የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ አስቀድመሽ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ጠይቂ።