ድግሪ ይዞ ገዳም መግባት፦ ከሮም ለጻፈችልን እህት

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሂሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ሮም ትሠሪያለሽ። የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ከተማ አሲዚን ተሳልመሽ ስትመለሺ ልብሽ ሳን ዳሚያኖ ገዳም ቀረ። እናትሽ ደግሞ «ድግሪሽን ልትቀብሪው ነው» ብለው ተቆጥተዋል። ለመንገድ የተበደርሽው ገንዘብም ተከፍሎ አላለቀም።

መጀመሪያ አድራሻውን እናስተካክል። ከከተማው በታች ቁልቁለቱ ላይ ያለው ሳን ዳሚያኖ ዛሬ የፍራንቸስካውያን ወንድሞች ቤት ነው። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተከታይ የነበረችው ቅድስት ክላራ ከ1212 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምራ በ1253 እስክታርፍ ኖረችበት። አብረዋት የነበሩት መነኮሳት እህቶች ግን በ1260 ወደ ከተማው ቅጥር ውስጥ ገቡ። ማመልከት ያለብሽ በስሟ ከተሠራው ባዚሊካ (ታላቅ ቤተ ክርስቲያን) አጠገብ ላለው ገዳም ነው።

«ከሥራ ጣጣ ላርፍ» ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ክላራ የገዳሟን መተዳደሪያ ደንብ ራሷ ነው የጻፈችው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ኢኖሰንት 4ኛ ያጸደቁላት ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር። ደንቡ ከጠዋቱ የሦስት ሰዓት ጸሎት በኋላ ሥራ አለ ይላል። እሷም ታማ አልጋ ላይ ሆና ለመሠዊያ ጨርቅ የሚሆን ክር ትፈትል ነበር። ከመኝታ ጸሎት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደግሞ ዝምታ ነው። ስልክ ሳታወሪ ቀንሽ የማይጀምር ከሆነ፣ እዚህ ላይ ቆም በይ።

መንገዱም ረጅም ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት ከገዳሙ ጋር ትተዋወቂያለሽ፣ ሌላ አንድ ዓመት በእጩነት ትቆያለሽ፣ ሁለት ዓመት የኖቪስነት (ከመሐላ በፊት ያለ የምንኩስና ሥልጠና) ነው፣ ከዚያ አምስት ዓመት በጊዜያዊ መሐላ። የዘለዓለም መሐላ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ዘጠኝ ዓመት የሚሞክርሽ? ለእናትሽ ይህንን ንገሪያቸው፤ ትንሽ ይረጋጋሉ።

ብድሩ ቀልድ አይደለም። መክፈል የማይችለውን ዕዳ የተሸከመ ሰው እንዳይቀበሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ያዛል። ስለዚህ አሁን ሥራ አትልቀቂ። ሌላም ነገር አለ፦ ብትወጪ በገዳሙ ለሠራሽው ሥራ ክፍያ መጠየቅ አትችይም። ገዳሙ በርኅራኄ ሊያይሽ ይገባል እንጂ የአገልግሎት ካሳ የሚባል የለም።

ስለ ድግሪሽ አትጨነቂ። ማንኛውም ገዳም ገንዘብና ንብረት የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ሂሳብ የምታውቅ እህት ብዙ ጊዜ እዚያው ትመደባለች፣ ባትፈልግም!

በዓመት ዕረፍትሽ ጥቂት ቀን እንግዳ ሆነሽ መቆየት ይቻል እንደሆነ ጽፈሽ ጠይቂ። ከተፈቀደልሽ ስለ ጸሎቱ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያበስል፣ የታመመችን ማን እንደሚያስታምም፣ ቤተሰብ መቼ መጥቶ እንደሚጠይቅም አጣሪ። የመኖሪያ ፈቃድሽ በሥራሽ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሪ።