ከአገር ርቃችሁ ለምትስሉና ለምትጽፉ ልጆቼ

የምትስሉትም ሆነ የምትጽፉት ስለ ተለያችኋት አገር እንዲሆን ፈልጋችሁ፣ ከየት እንደምትጀምሩ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ መልሴን በትውልደ ኩባዊቷ አሜሪካዊት የኪነ ጥበብ ሰው በአና ሜንዲዬታ ሥራ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ሃቫና ተወለደች። በ1961፣ በ12 ዓመቷ፣ ከእኅቷ ጋር ያለ ወላጅ ወደ አሜሪካ ተላከች፤ «ፔድሮ ፓን» በተባለው ዘመቻ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ የወጡት የኩባ ልጆች ከ14,000 በላይ ነበሩ። በአዮዋ ግዛት በሕፃናት ማሳደጊያና በሰው ቤት አደገች፤ እናቷን ዳግም ያገኘችው በ1966 ነው።

ኩባ እነዚያን ልጆች በሸኘች ሃያ ዓመት ሳይሞላት የኢትዮጵያን ልጆች ተቀብላለች፤ እኔም የኩባ ክፍል በሆነችው በወጣቶች ደሴት ከተማሩት አንዱ ነኝ። ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን በግሬፕፍሩት እርሻ ውለን ማታ ስንመለስ፣ እናቴን ለመሣል እቀመጥ ነበር። ነጠላዋ ይመጣልኛል፤ ፊቷ ግን ይጠፋብኛል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከትዝታ ብቻ ለመሥራት ስታገል ጊዜዬን አባከንሁ፤ እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ ነው የምጽፍላችሁ።

አና ኩባን ከትዝታዋ ለመቅዳት አልሞከረችም። ከ1973 ጀምሮ «ሲሉዌታ» (በስፓኒሽ የሰውነት ጥላ መሰል ቅርጽ ማለት ነው) ባለቻቸው ሥራዎቿ፣ በአዮዋና በሜክሲኮ፣ በደረሰችበት ሁሉ የገዛ ገላዋን ቅርጽ በጭቃ፣ በአሸዋና በሣር ላይ አሳረፈች፤ አንዳንዱን በአበባ ሞላችው፣ አንዳንዱን በባሩድ አቃጠለችው። በ1976 በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ የሠራችውን በተለይ እዩልኝ፦ አሸዋው ላይ የተቆፈረው ሰውነት ቀይ ቀለም ተሞልቷል፤ ማዕበሉ እየመጣ ጠርዙን ይልሰዋል፣ ቀዩ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ትከሻው ይናዳል። በ1980 አገሯን ለማየት በቃች፤ በቀጣዩም ዓመት እዚያው ኩባ፣ በሃሩኮ ዋሻዎች የኖራ ድንጋዩን ስትፈለፍልና ቅርጾቹን በኩባ ጥንታዊ ነዋሪዎች አማልክት ስም ስትጠራ፣ እጇን ያሠለጠነው የአዮዋ ጭቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አሁን ከምትኖሩበት ሰፈር አፈር፣ ከምትሳፈሩበት አውቶቡስ፣ ከመስኮታችሁ ከሚታየው ዛፍ ጀምሩ። የሠራችሁትንም ፎቶግራፍ አንሡት፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። የአናን «ሲሉዌታዎች» ውኃና ነፋስ ወስደዋቸዋል፤ ዛሬ የምናያቸው በፎቶግራፍና በፊልም ስላስቀረቻቸው ነው። እኔ በወጣቶች ደሴት ከሣልኋቸው የእናቴ ምስሎች አንድም አልቀረልኝም።