ስማችሁን አስጽፉ

ልጆቼ፣ መድረክ ላይ የምታስቁም የምትገለባበጡም፤

እኔ ተዋናይ አልነበርኩም። ከ30 ዓመት በላይ አንድ ቲያትር ቤት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ምክሬም የገንዘብ ያዥ ምክር ነው፣ ቅር እንዳይላችሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ድሮ ቤተ መንግሥት ወጪዎች ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ልጅ ሜሪ ገና ልዕልት ሳለች የኪስ ገንዘቧ በመዝገብ ይያዝ ነበር። በ1540ዎቹ ገጾች ላይ ጄን የምትባል አጫዋች ደጋግማ ትመጣለች። የጄንን ራስ ለላጨ፣ 4 ፔንስ። ለጄን መርፌ መግዣ። ሜሪ ከነገሠች በኋላም የጄንን ዓይን ያዳነች ሴት በወርቅ የተለበጠ የጨው ዕቃ ተሸልማለች። ቀሚሱ አለ፣ ጫማው አለ። የጄን ደመወዝ የሚል መስመር ግን አላየሁም።

አብራት ሉክሬሺያ ነበረች። እሷ አክሮባት ናት። ጄንን ብዙ ተመራማሪዎች የአእምሮ ውስንነት ያላት ሴት ነበረች ይላሉ። እውነት ከሆነ፣ ሰው ይስቅ የነበረው በተፈጥሮዋ ነው፤ ይሄ ደስ አይልም። የሉክሬሺያ ግን ሙያ ነው። ወገብ ይጠይቃል፣ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። የመዝገቡ ጸሐፊ ግን ለሁለቱም የአባት ስም አልጻፈም። አንዷ «ጅሏ»፣ አንዷ «ተገለባባጯ»፣ በቃ። ጄን ያሳቀችበት ቀልድ ጠፍቶ የመላጫዋ ሒሳብ ቀረ!

እና ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ? ፔሮል ላይ ስማችሁን ከነአያት አስጽፉ። ራሳችሁ ፈርሙ። የፈረማችሁበትን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ውል ስትዋዋሉ «ብጎዳ ማን ያሳክመኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ በዚህ ጄን ብዙዎቻችሁን ትበልጣለች። ፋሻውን ከኪሱ የገዛ ስንት አክሮባት አውቃለሁ።

ይህን የምላችሁ ጥፋቱን እኔም ስለሠራሁት ነው። አንድ ቀን «ሰርከስ፣ 5 ሰው» የሚል ወረቀት መጣልኝ። አንዲት ልጅ ብቻዋን መስኮቱ ጋ ቆመች። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ስምሽ የለም» አልኳት።

«እኔ እኮ ከላይ የምቆመዋ ነኝ» አለችኝ።

አለቃሽን ይዘሽ ነይ ብዬ መለስኳት። ሕጉ እንደዚያ ነበር፣ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በሚቀጥለው ትርኢት እንደገና መጣች። ገና ሳልጠይቃት መታወቂያዋን በመስኮቱ አስገባች። «ከነአያቴ ይጻፉልኝ፣ ጋሼ» አለች። ጻፍኩ። አንገቷን አስግጋ አነበበችና አንዷን ፊደል አሳረመችኝ።