መልስ፦ የኦስቲዮፓቲ ተማሪ ለሕፃናት ክፍል ምን ይዘጋጅ?

እህቴ፣ የኦስቲዮፓቲ (ከመደበኛው ሕክምና ጋር አጥንትና ጡንቻን በእጅ ማከምንም የሚያስተምር የሐኪምነት ዘርፍ) ተማሪ እንደመሆንሽ፣ እዚህ አሜሪካ የሕፃናት ክፍል ልምምድ ከመጀመርሽ በፊት ምን ላይ እንደምታተኩሪ ጠይቀሻል። ከሁሉ በፊት ክብደት። ወላጅ በፓውንድ ይነግርሻል፤ መድኃኒት የሚሰላው ግን በኪሎ ነው፤ ሳትቀይሪ ካሰላሽ መጠኑ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ከታዘዘ፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 150 ሚሊግራም ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 4.7 ሚሊ ሊትር ገደማ።

ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ጸጥ ባለበት ልብና ሳንባውን አስቀድመሽ አዳምጪ፤ ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ላይ ይሁን። አንዴ ካለቀሰ ምንም አይሰማሽም። ዕድሜው ከ28 ቀን በታች ሆኖ በፊንጢጣ ሲለካ 38 ዲግሪና በላይ ያተኮሰው፣ ደህና ቢመስልም ድንገተኛ ነው፤ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሪ።

በእጅ ሕክምናው ለስለስ ያለውን ያዢ፤ አንገት በድንገት የሚገፋውን ተዪው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ላይማ ፈጽሞ፤ የላይኞቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መጋጠሚያ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል።