ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴንና ሐይቅን በአንድ ቀን ስለማየት፤ ከራሴ ሁለት ጉዞዎች

እኅቴ፣ ልጆችዎንና አማትዎን ይዘው ከኮምቦልቻ በመነሣት የደሴን ሙዚየም፣ በመንገድ ላይ ያሉ ትንንሽ የወረዳ ማሳያ ክፍሎችንና ሐይቅ እስጢፋኖስን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል። እኔ ባለቤቴን፣ ሦስት ልጆቼንና እናቴን ይዤ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ከሽፎብኝ ሁለተኛው ተሳክቶልኛልና እርስዎ እንደኔ እንዳይጉላሉ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1. ዓርብ አይሂዱ። እኔ ቅዳሜ መሥሪያ ቤቶች ዝግ ይሆናሉ ብዬ ፈቃድ ወስጄ ዓርብን መረጥሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጁምዓና ለምሳ እንደሚዘጋ፣ ወሎ ተወልጄ አድጌ እያወቅሁ፣ የጉዞዬን ሰዓት ስደለድል ጨርሶ ረሳሁት። ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የወረዳ ከተማ ስንደርስ 5፡20 ሆኖ ነበር። ማሳያው በአንድ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። ያገኘኋቸው ሠራተኛ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ለስብሰባ ወደ ዞን መሄዱን ነገሩኝ። መቼ ይመለሳል ብዬ ብጠይቅ መልሳቸው «ደብዳቤ ይዛችኋል?» የሚል ሆነ። ቤተሰቤን የማስጎበኝ አባት እንጂ አጥኚ አለመሆኔን ባስረዳም፣ ያለ ደብዳቤ አናስተናግድም ብለው ቢሯቸውን ቆልፈው ወጡ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በሁለት እጇ ብርሃኑን ከልላ፣ ግንባሯን ከመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፋ «አባዬ፣ ነጋሪት አለ! ጋሻም አለ!» ስትለኝ የተሰማኝን ኀዘን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ይከፍቱ ይሆናል ብለን እስከ 8፡00 ጠበቅን፤ ቁልፉ ግን አልመጣም። ሌላውም ሁሉ በዚያው ቀረ፤ ለሚኒባስ ኮንትራት የከፈልሁት 3,500 ብር ያለ ፋይዳ ወጣ።

2. አስቀድመው ይደውሉ፤ ሲደውሉም «ክፍት ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ክፍት ነው ይባላሉና። «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁና የዚያን ሰው ስልክ ተቀብለው በዋዜማውም በማለዳውም ይደውሉለት። በሁለተኛው ጉዞዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ረቡዕ ዕለት ጠዋት በደሴ ጀመርን። ሙዚየሙ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስለተዘረፈ ልጆችዎ ባዶ መደርደሪያ ቢያዩ ለምን እንደሆነ ቀድመው ይንገሯቸው። ከዚያ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አሳየኋቸው፤ ስሙ ማንንም የማይጠየፍ ግብር ቤት ማለት እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ወደዱት። ወደ ሐይቅ ሲወጡ ቦሩ ሜዳ ላይ መኪናውን ማቆም አይርሱ። የሚታይ ሕንፃ ባይኖርም፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደው በዚህ ሜዳ ነው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ከዚህ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል እንደተባሉ፣ በ1906 ዓ.ም. እንደነገሡና በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል እንደተነሡ ሜዳው ላይ ቆመው ሲተርኩላቸው፣ ልጆች ከመጽሐፍ በተሻለ ይይዙታል።

ባለፈው ተዘግቶ ባገኘነው የወረዳ ማሳያ ክፍልም ባለሙያው በቀጠሮው ሰዓት ቁልፉን ይዞ በር ላይ ጠበቀን፤ ስለ ደብዳቤም የጠየቀን የለም። ልጄ ነጋሪቱን በቅርብ አየች። ይበልጥ ያኮራኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከመደርደሪያው ላይ እንዝርት ስታይ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከልጆቹ ፊት ቆመች፤ ጥጥ ሳይኖር በባዶ እጇ፣ በግራዋ ክሩን ወደ ላይ እየሳበች፣ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ እንደምታሾር አድርጋ አሳየቻቸው። ባለሙያው ደብተሩን አውጥቶ የምትለውን ይጽፍ ጀመር። ስለዚህ አማትዎ ደክሟቸው መኪና ውስጥ ልቆይ ቢሉ እንኳ እጃቸውን ይዘው ያስገቧቸው።

ሐይቅ ላይ ደግሞ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን ለሴት ልጅዎ ከቤት ሳትወጣ ይንገሯት። እኔ በር ላይ ስለነገርኋት አልቅሳብኛለች። ባለቤትዎና ወንዶቹ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ገዳም እስኪሳለሙ፣ እናንተ ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዛችሁ ጠብቋቸው። ከ10፡00 ሳያልፍም ተነሡ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ከወረደ ጠመዝማዛውን በጨለማ መውረድ ልጅ ለያዘ ሰው አይመከርም።