ለመሆኑ ችግኞቹን ተመልሶ ያየ አለ?

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠራተኛው ለሥራው ያለው ስሜት መቀዝቀዙ በመጠይቅ ስለታየ አለቆችዎ «በማኅበራዊ ኃላፊነት ሥራ እናነቃቃው» ብለው በጀት መደቡ፤ በመጀመሪያው የችግኝ ተከላ ግን ከተመዘገበው ሰው ግማሹ ቀረ፤ የመጣውም ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። አሁን «ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ሁለተኛውን ዙርስ እንዴት ላዘጋጀው?» እያሉ ነው። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት ይኸው ፕሮግራም በእኔ እጅ ነበር። ከራሴ ጥፋት ልጀምር፤ ከእርስዎ ይብሳልና።

የእኔም የመጀመሪያ ዝግጅት ችግኝ ተከላ ነበር። ቲሸርት አሳተምን፣ ባነር ሰቀልን፣ ሁለት አውቶቡስ ሞልተን ሄድን። ዋና ሥራ አስኪያጁ አንዷን ችግኝ ለመትከል ሦስት ጊዜ ጎንበስ ቀና አሉ፤ ፎቶ አንሺው «አንዴ ይድገሙልኝ» እያለ ስላስቸገራቸው ነው። በሪፖርቴ «400 ችግኞች ተተከሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ ተጨበጨበልኝም። ከሦስት ወር በኋላ አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ቢሮዬ መጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። በዚያ በኩል ሲያልፍ ጎራ ብሎ ኖሯል። አብዛኞቹ ደርቀዋል። አንዱን ነቅሎ ሲያየው ከነፕላስቲኩ ነው የተቀበረው። ፕላስቲኩ ተቀድዶ መውጣት እንዳለበት የነገረን ሰው አልነበረም፤ ሥሩ መሄጃ አጥቶ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል። ሰውየው አልተቆጣም። «ምናልባት ይኼ እኔ የተከልኩት ይሆናል» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ። በቀጣዩ ዙር አልተመዘገበም፤ ለምን ብዬ ለመጠየቅም ፊት አልነበረኝም።

ስለዚህ እኔም መልሼ ልጠይቅዎ፦ የእርስዎን ችግኞች ተመልሶ ያየ ሰው አለ? ሠራተኛ ከሥራው ጋር የሚተሳሰረው የድካሙን ፍሬ በዓይኑ ሲያይ ነው። ፍሬው ያልታየ ዘመቻ ለሰው የሚተርፈው የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

ይህን በጥናትም የፈተኑት አሉ። አዳም ግራንት የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት በስልክ እየደወሉ ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን የተመለከተ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ስልኩን ይዘጋብሃል እንደሚባለው ዓይነት። ከእነዚህ ሠራተኞች የተወሰኑት፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ የትምህርት ዕድል ካገኘ አንድ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላ በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜም ሆነ የሚያሰባስቡት ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ደመወዛቸው አልተጨመረም፣ አለቃቸው አልተቀየረም። የጠቀሙትን ሰው ፊት አዩ፤ በቃ። እኔ ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት ከችግኙ ጉዳይ በኋላ ስለሆነ እንደ ወቀሳ ነው የተሰማኝ።

አለቆችዎ ደስ የማይላቸውን ነገር አሁን ላንሣ። ዊልያም ካን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ሠራተኛ ትስስር በጻፈው ጥናት ሰው ሁለንተናውን ለሥራው ለመስጠት ሦስት ነገር እንደሚፈልግ አስቀምጧል፦ ሥራው ትርጉም ያለው መሆኑን፣ ሐሳቡን ቢናገር ጉዳት እንደማይደርስበት፣ ለሥራው የሚሆን ጉልበትና ቀልብ የተረፈው መሆኑን። ልብ ይበሉ፤ የማኅበራዊ ኃላፊነት ፕሮግራም ሊረዳ የሚችለው በመጀመሪያው ነው። አለቃውን የሚፈራ ሰው መቶ ችግኝ ቢተክል ፍርሃቱ አይለቀውም። በትርፍ ሰዓት ሥራ የዛለ ሰውማ ጭራሽ ቅዳሜውን ሲወስዱበት ይመረዋል። በመጠይቁ የታየው ቅዝቃዜ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የመጣ ከሆነ በጀቱ የተመደበው ለሌላ በሽታ መድኃኒት መግዣ ነው። መልሶቹን እንደገና ያንብቡ፤ በተለይ ሰዎች በራሳቸው ቃል የጻፉትን።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ መሆን ሠራተኛን የሚያስቆጣውን ያህል የሚያስቆጣው ነገር አላየሁም። በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አልጋና ፍራሽ ለገስን። ርክክቡ በግቢያችን ነበር። ፍራሾቹን ከመኪና ያወረዱት በሌላ አገናኝ ድርጅት በኩል የተቀጠሩት የጽዳት ሠራተኞቻችን ናቸው። ንግግሩ ሲጀመር እነሱን ከፎቶው ክልል ዘወር እንዲሉ ያደረግናቸው እኛው ነን፤ ቲሸርት ስላልነበራቸው። ከመካከላቸው አንዷ በማግስቱ ቢሮዬን እየጠረገች፣ ቀና ሳትል፣ «የእኛ የዕረፍት ክፍል ግን ወንበር የለውም» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም የሚቀመጡት በተገለበጠ ባልዲ ላይ ነበር። ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት መመሪያ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ አይኤስኦ 26000፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ከሰባቱ ዋና ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎ የያዘው የሠራተኛ አያያዝን ነው። እኛ ግን ስድስቱን ትተን አንዱን፣ ለኅብረተሰቡ መለገስን ብቻ፣ ያውም ለካሜራ እንዲመች አድርገን ይዘን ነበር። ወንበሮቹ ተገዙ። ማንም ፎቶ አላነሣቸውም፤ ግን በዚያ ዓመት ስለ ድርጅቱ የተነገረ በጎ ወሬ ቢኖር የወንበሮቹ ወሬ ነበር።

ከሠራናቸው ሁሉ ውጤቱን ያየሁት ሰው በያዘው ሙያ እንዲያግዝ ስናደርግ ነው። የሒሳብ ክፍላችን ባልደረቦች አንድን አነስተኛ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ለመርዳት ራሳቸው መረጡ። የማኅበሩ ጸሐፊ ደረሰኞቹን በጫማ ካርቶን ሞልታ ይዛ መጣች፤ የሦስት ዓመት ወጪና ገቢ በአንድ ካርቶን። ከእኛ አንዲት ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት ሰዓት እየሄደች ከጸሐፊዋ ጋር ደረሰኙን በቀን ደረደሩ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ ከፈቱ፣ ከባንክ መግለጫው ጋር አመሳከሩ። በስድስተኛው ወር ጸሐፊዋ ደወለች፤ የውጭ ኦዲተር መጥቶ ያለ ምንም ጉድለት ዘግቶላቸዋል። ልጅቷ ስልኩን እንደ ዘጋች ከወንበሯ ተነሥታ ለክፍሉ ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህች ልጅ ለእኛ ለዓመታት ሒሳብ ስትዘጋ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። በራሷ ሙያ ላይ የነበራት አመለካከት ተለወጠ፤ አዲስ ገቢዎችን ለማሠልጠንም ያለ ማንም ጎትጓች ፈቃደኛ ሆነች። ወጪው? የትራንስፖርት ብቻ።

ስለ ሰዓት ግልጽ ልሁን። ቅዳሜን «በጎ ፈቃድ» ብሎ የስም መቆጣጠሪያ ማስፈረም ቀልድ ነው። ልጅ የምታሳድግ እናት፣ የማታ ትምህርት ተማሪው፣ ታማሚ የሚያስታምመው ይቀሩና «ተነሣሽነት የላቸውም» ይባላሉ። ድርጅቱ የሚያምንበት ከሆነ ከሥራ ሰዓት ይስጥ። ቲምበርላንድ የተባለው የጫማ አምራች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለሠራተኞቹ ደመወዝ የሚከፈልበት የበጎ ፈቃድ ሰዓት ሲሰጥ ቆይቷል፤ በኋላም በዓመት እስከ 40 ሰዓት አድርሶታል። ያን ያህል ባይቻል እንኳ በሩብ ዓመት ግማሽ ቀን ብለው ይጀምሩ። የቅርብ አለቆችን አስቀድመው ያሳምኑ፤ ላይ የተፈቀደውን ሰዓት ታች «ዛሬማ ሥራ አለ» ብለው የሚከለክሉት እነሱ ናቸው።

ደም ልገሳን ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያስቀምጠው ክፍተት ወንድ ከ12፣ ሴት ከ16 ሳምንት በኋላ እንደገና መለገስ ስለሚችሉ የመመላለሻ ጊዜው አብሮት የተሰጠ ነው። ግን ስም እየጠሩ ማሰለፍን ይተዉ። የደም ማነስ ተገኝቶባት የተመለሰች ባልደረባችን ሳምንቱን ሙሉ «ለምን አልሰጠሽም?» ስትባል ሰንብታ ሕመሟን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ለማስረዳት ተገድዳለች። የማይሳተፍ ሰው ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ በዕድገት ምዘና ውስጥም ፈጽሞ አያስገቡት። ገንዘብ መዋጮም ቢሆን ከደመወዝ ተቆርጦ ከሚሆን፣ ሠራተኛው በፈቃዱ የሰጠውን ያህል ድርጅቱ ቢጨምርበት ይሻላል።

ውጤት ስለ መለካት አንድ ወጥመድ ላሳይዎ፤ እኔ ወድቄበታለሁ። «የተሳተፉት ሠራተኞች ካልተሳተፉት ይልቅ ለሥራቸው ፍቅር አላቸው» የሚል ሰንጠረዥ ለቦርዱ አቀረብኩ። አንድ አዛውንት የቦርድ አባል መነጽራቸውን አውልቀው «ድሮውንስ የሚሳተፉት እነዚያው ንቁዎቹ አይደሉም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የአንዱን ሰው መልስ ከመሳተፉ በፊትና ከዓመት በኋላ ካለው ጋር አነጻጽራለሁ። ከዚህ የበለጠ የማምነው መለኪያ ግን ማንም ሳይጠራው በራሱ ጊዜ ተመልሶ የሄደው ሰው ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሰባት አይበልጡም ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ከማቀድዎ በፊት የሚከተለውን ያድርጉ። ያለፈው ጊዜ ከመጡት አምስት ስድስት ሰዎች ይምረጡ፤ አንድ ስለ ተክል የሚያውቅ ሰው ይጨምሩበት፤ ቲሸርትና ፎቶ አንሺ ይቅሩ፤ በሥራ ቀን ወደ ተከላው ቦታ ይሂዱ። የቆሙትንና የደረቁትን ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ምንም ሳትደብቁ ለሠራተኛው ሁሉ ለጥፉ። የቀሩትን ሰዎች ደግሞ ለምን ቀሩ ሳይሆን ምን ቢሆን ይመጡ እንደነበር ይጠይቋቸው። ስንት ችግኝ እንደ ተረፈ እዚህም ይጻፉልን። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ካገኛችሁም ጥፋቱ የብቻዎ እንዳልሆነ ያውቃሉ።